የአንባቢ ማስታወሻ፣ በሰባተኛው ምዕራፍ ላይ

ይህን ስጽፍ በእጄ ያለው ማስረጃ ጥቂት ነው። ዋናው አንድ ጥቁር ልባድ ያለው ደብተር ሲሆን፣ በድምፅ ያነበብኋቸውን ምዕራፎች በተራ መዝግቤበታለሁ፤ ነገር ግን ከመካከሉ ጀምሮ ቀን መጻፉን ትቻለሁ። በቀረጻ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ንባብም አለ፤ ይህ ንባብ ዛሬ ያለው መጀመሪያ እንደነበረው ስለ መሆኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የቀረው የሰው ቃል ነው፤ የወዳጄ፣ የጎረቤቱ፣ የቀረጻ ክፍሉ ኃላፊና የእኔ። ከእነዚህ ሁሉ አብልጬ ልጠረጥረው የሚገባኝ የራሴን ቃል ነው። ዕድሜዬ ለዚህ በቂ ምክንያት በሆነ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሌላም ምክንያት አለኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት የከተማ ጥናት ሰነዶችን በማርቀቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሆነውን ነገር ሊሆን በሚገባው መልክ አስተካክሎ የማስቀመጥ ልማድ ያድርበታል።

የሰው ስም አልጠራም። የአንዱ ፈቃድ የለኝም፤ የሌላዋን ልጠይቅ ሄጄ ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አምስት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ማኅበር መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በድምፅ እንደሚያስቀርጽ ሰማሁና ሄድሁ። የቀረጻ ክፍሉ ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅና በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በሩ ሲዘጋ የራስ ትንፋሽ የሌላ ሰው ትንፋሽ መስሎ ይሰማል። በፈቃዳቸው የሚያነቡት ጡረተኞች፣ መምህራንና የመዘምራን አባላት ነበሩ። ልብ ወለድና መንፈሳዊ መጽሐፍ ሁሉም ይሻማባቸዋል። የፖለቲካና የመንግሥት ፖሊሲ መጻሕፍት ግን አንባቢ አጥተው በመደርደሪያው ታችኛ ክፍል ተቀምጠዋል። ገሚሱ አንባቢ ይሰለቻቸዋል፤ ገሚሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ድምፁ ተቀርጾ እንዲቀመጥ አይፈልግም። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። መጽሐፉን አንሥተው ሽፋኑን ያዩና በቀስታ መልሰው ያስቀምጡታል።

እነዚያን መጻሕፍት እኔ ወሰድኋቸው። ቋንቋቸው የእንጀራዬ ቋንቋ ስለ ነበረ አልከበደኝም።

የክፍሉ ኃላፊ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ቀልጣፋና ጥብቅ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ከማስተማሯ በፊት አስጠነቀቀችኝ።

«ጋሼ፣ ዓይን ያለው አንባቢ ቅንፉን ያያል፣ የግርጌ ማስታወሻውን ያያል። የእኛ አድማጭ ያለው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ውጭ አንዲት ቃል ከተናገሩ፣ ከመናገርዎ በፊት ‹የአንባቢ ማስታወሻ› ይበሉ፤ ሲጨርሱም ‹ማስታወሻው አበቃ› ይበሉ። አለዚያ ደራሲው ያላለውን አሉበት ማለት ነው።»

«የምጨምረው ነገር ትክክል ቢሆንስ?» አልኋት።

«እርስዎማ ትክክል ነው የሚሆኑት» አለች እየሳቀች። «የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

በዚያን ጊዜ እንደ ሙገሳ ወሰድሁት።

ወዳጄ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬና የቀድሞ የታሪክ መምህር ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ የጠፉት ገና በሥራ ላይ ሳለ ነው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ በላይ ባለው ረድፍ፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። ብቻውን አልሁ እንጂ በእውነቱ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖር ጎረቤት ነበረችው። ባሏ የሞተባት፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ለብዙ ዓመታት ምሳውን ያቀረበችለት፣ መድኃኒቱን የለየችለት፣ ደረጃው ሲፈርስ አዲሱን በእግሩ ያስለመደችው እርሷ ናት። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን እንዳጣፋች እጁን ይዛ እስከ ጸሎት ቤቱ በር ታደርሰዋለች።

«በመላው አራዳ ጴንጤ እየመራች ለስብከት የምታደርስ ኦርቶዶክስ እሷ ብቻ ናት» ይል ነበር ወዳጄ።

«አደረስኩ እንጂ አልገባሁ!» ትለዋለች። «መምህርን ብተወው ደግሞ እግሩ ጠጅ ቤት ነው የሚያደርሰው።»

የቀረጽሁትን ምዕራፍ በሚሞሪ ካርድ አድርጌ እወስድለት ነበር። እርሱም የእጅ መዳፍ በምታህል ስፒከር ላይ ሰክቶ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ድምፁን ከፍ ስለሚያደርገው ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይሰማል፤ እርሷ ሽንኩርት እየለየች፣ ከፊት ለፊት በጣሪያው ክፈፍ ሥር የሚሠራው ጫማ ሰፊም መዶሻውን አቁሞ። ስለ በጀት፣ ስለ ግብር፣ ስለ መሬት አስተዳደር የተጻፈ መጽሐፍ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ እንዲህ ይደመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየኝ ጫማ ሰፊው ብድግ ብሎ፣

«ሚኒስትሩ መጡ!» አለ። ከዚያም ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ድምፅዎ ግን ከእርስዎ ይረዝማል» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሚኒስትሩ ሆነ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሰዎቹ ድምፄን እንደ ሰው ድምፅ ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ መስማት መጀመራቸውን ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ሰባተኛው ምዕራፍ ያለበት መጽሐፍ ስለ ከተማ መሬትና ስለ መንግሥት ፖሊሲ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ነው። ምዕራፉ የሚያወሳው ነባር ሰፈሮች መልሰው ሲለሙ በውስጣቸው የሚኖረው ሕዝብ ምን እንደሚሆን ነው። ደራሲው ስለ እኛ ከተማ አንድ ሰፈር ለይቶ አልጻፈም። እያነበብሁ ሳለሁ ከዓመታት በፊት የተሳተፍሁበት አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። በዚያ ጥናት መሠረት ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከአስፋልቱ በላይ ያለው ረድፍ ባለበት እንዲቆይ ተወስኖ ነበር፤ ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነበር። ንባቤን ገታ አድርጌ ይህንኑ ተናገርሁ። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመለስሁ።

ለምን ተናገርሁ? ወዳጄ በሩ ላይ ተቀምጦ እንደሚሰማው አውቅ ነበርና ላስደስተው ፈልጌ ይሆናል። ወይም ከሽማግሌ ጋር አብሮ የሚያረጅ፣ እኔም በዚህ ነገር ውስጥ እጄ ነበረበት የማለት አምሮት ይሆናል። «የአንባቢ ማስታወሻ» ብዬ እንደ ጀመርሁ ግን አላስታውስም። አላልሁም ብዬም መማል አልችልም። አንድ የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ እየተናገርሁ ሳለ ከብርድ ልብሱና ከስፖንጁ ወዲያ፣ ከሩቅ፣ ከባድ ነገር መሬት ላይ የሚወድቅ የሚመስል የታፈነ ድምፅ መስማቴን ነው። በዚያ ሰሞን በብዙ አቅጣጫ ዶዘር ይሠራ ነበር።

ካርዱን ከሰጠሁት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ወዳጄ ስወርድ ሦስት እግር ባለው መሣሪያ የሚለኩ ወጣቶች አየሁ። ከአስፋልቱ በታች ባለው ረድፍ ግድግዳዎች ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፏል። አንዳንዱ በር ክፍት ሆኖ ውስጡ ባዶ ነበር። በአንዱ ደጃፍ ላይ የተተወ ምጣድ ዝናብ ቋጥሮ ተቀምጧል። ከአስፋልቱ በላይ ስደርስ ግን ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። ጎረቤቲቱ ሽንኩርቷን ትለያለች፤ ጫማ ሰፊው ይቀጠቅጣል፤ ወዳጄ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እንኳን መጡ» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ገና ሳልቀመጥ። «የእኛ ረድፍ አይነካም አይደል? ወረዳው ማስታወቂያ ለጥፏል። ከጎረቤቱ ጋር አንድ ላይ ምትክ ቤት እንዲደርሰው የሚፈልግ አብሮ ይመዝገብ ይላል። እኔና መምህር እንመዝገብ ብለው እምቢ አለኝ።»

«ምን ልሁን ብዬ ልመዝገብ?» አለ ወዳጄ። «የተመዘገበ ለመነሣት ዝግጁ ነኝ ያለ ነው። መጽሐፉ ከአስፋልቱ በላይ ያለው ይቆያል ብሏል። ይኸው እዚህ አለ፣ ላሰማሽ?» እጁን ወደ ስፒከሩ ዘረጋ።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። መጽሐፉ አላለም፤ ያልሁት እኔ ነኝ። ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። ያልሁት ግን ይህን ነው፦

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል እንዴ?»

ወዳጄ ፈነደቀ። «ራሱ አንብቦ ራሱ ይጠይቀኛል! አይ እርጅና!»

ጫማ ሰፊው ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ፣ «እኔስ ለማንኛውም ተመዝግቤያለሁ» አለ። «ሚኒስትር ሲናገር ሁለት ጊዜ ነው የሚመዘገቡት።»

ዝም አልሁ። ዝምታዬ ያኔ ለራሴ የጥንቃቄ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያላረጋገጥሁትን ነገር አልናገርም የሚል ደንብ ነበረኝ። አሁንም በፊት የተናገርሁትን ከማስተባበሌ በፊት አሮጌውን ሰነድ ፈልጌ አገኛለሁ፣ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ አልሁ። ስናገር ያልተከተልሁትን ደንብ፣ የተናገርሁትን ለማረም በፈለግሁ ጊዜ ተከተልሁት። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ሰነዱ ወዲያው አልተገኘም። ቤቴ በካርቶን የተሞላ ነው፤ ካርቶኖቹ ላይ የጻፍሁት ነገር በውስጣቸው ካለው ጋር አይገናኝም። ዓይኔ ስለሚደክም በቀን አንድ ወይም ሁለት ካርቶን ብቻ እመረምራለሁ። በሌሎቹ ሰዓታት ወደ ቀረጻ ክፍሉ እየሄድሁ ንባቤን እቀጥላለሁ። ይህም እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም ነበር። በመጨረሻ ካርታው ተገኘ። ከአስፋልቱ በታች ያለው ረድፍ በቀለም ተሞልቷል። ከአስፋልቱ በላይ ያለው ረድፍ ግን በእርሳስ ብቻ ተከቧል፤ በጎኑ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። የተወሰነ ነገር አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት ራሴ የጠየቅሁትን ጥያቄ እንደ መልስ አድርጌ በድምፅ አስቀርጬዋለሁ።

ካርታውን አጥፌ በኮት ኪሴ አድርጌ በማግስቱ ጧት ወረድሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ያለው መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር ታክሲው ርቆ አወረደኝ፤ ረጅም ዙሪያ ሄድሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጫማ ሰፊውን ነው። ዕቃውን በሣጥን እየከተተ ነበር።

«ምዝገባው ትናንት ተዘጋ፣ ጋሼ» አለኝ። አሁን ሚኒስትሩ አላለኝም። «እኛ አምስት ቤት አብረን ተመዝግበናል። እነ መምህር ቀሩ። ሴትዮዋ ትናንት አልቅሳ ለመነቻቸው፤ መጽሐፉ አሉ፣ በቃ።»

ወዳጄ በሩ ላይ ነበር። ካርታው በኪሴ ነበር። ምን እንደ ተባባልን ደጋግሜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ፤ የሚመጣልኝ ስለ ጤንነቱ መጠየቄ ብቻ ነው። ካርታውን አላወጣሁም። ባወጣስ ለዓይነ ስውር ሰው ካርታ ምን ያደርግለታል ብዬ ያሰብሁ ይመስለኛል፤ ይህን ያሰብሁት ግን ያን ዕለት ይሁን በኋላ ራሴን ለማጽናናት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ቀዩ ቁጥር አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ላይ ወጣ። በየቀኑ ጥቂት በር ይጨምራል። የወዳጄ በር ላይ የደረሰ ዕለት አጠገቡ ነበርሁ። የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም። ጣቱን በግድግዳው ላይ አሳለፈና ወደ አፍንጫው አቀረበው።

«አንብብልኝ» አለኝ። «አንባቢዬ አይደለህ?»

ቁጥሩን አነበብሁለት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ከራስህ የምትጨምረው የለም?»

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ወዳጄ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወደ እኔ የዞረው ፊቱ ከፈገግታው በኋላም ከእኔ አልተመለሰም። እኔም «የለም» አልሁት። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም ትመለከት ነበር።

አብረው ያልተመዘገቡት በዕጣ ተደለደሉ። የወረዳው ሠራተኞች አልተሳደቡም፣ አልገፉም፤ ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር፣ ቀኑም ተጽፎ ነበር። እርሷ በከተማው አንድ ጫፍ ደረሳት፣ እርሱ በሌላው። ለመቀየር አመለከቱ፤ ወረፋው ረጅም ነው ተባሉ፤ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም በወረፋው ላይ ናቸው። ዕቃ የጫኑ ዕለት ሴትዮዋ የመኪናውን መነሣት አዘግይታ መድኃኒቱን አንድ በአንድ በእጁ አስያዘችው። የጠዋቱን ብልቃጥ አንገት በክር አሰረችለት፣ የማታውን ያለ ክር ተወችለት።

ወዳጄ አሁን የሚኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዲት የዘመድ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣች ምግብ ታስቀምጥለታለች። ስጎበኘው የደረጃውን ቁጥር ነገረኝ፤ ወርዶ ግን አያውቅም። እሑድ ስብከት የሚሰማው በስልክ ነው። ወንበሩን በሩ አጠገብ አድርጎ ይቀመጣል፤ በሩ ግን ወደ ኮሪደር እንጂ ወደ መተላለፊያ አይከፈትም፣ የሚያልፍም የለም። እዚያ ነው የነገርሁት። ካርታውን፣ የእርሳሱን ክብ፣ የጥያቄ ምልክቱን፣ ሁሉን። ለመናገር ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ነበር፤ አላነበብሁትም።

 ከዚያም፣ «ማስታወሻ ብለህ ነበር» አለኝ። «ሰምቼሃለሁ። እኔ ነኝ የመጽሐፉ ነው ያልሁት፤ መነሣት አልፈለግሁም ነበራ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጌታ ይመስክር አልልህም። ግን እንደዚያ ይሁን።»

እንደዚያ ነው አላለም፤ እንደዚያ ይሁን አለ። አምሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። እውነቱን ይሁን ምሕረቱን የሰጠኝ መለየት አልቻልሁም። ካርዱን እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት። ዕቃ በተጫነ ዕለት ጠፍቷል አለኝ፤ የጥፍር ያህል ነገር ነው፣ ይጠፋል።

ከእርሱ ወደ ጎረቤቱ ሄድሁ፤ በሦስት ታክሲ። አዲሱ ሰፈሯ ጉልት ስለሌለው ሽንኩርቱን በበሯ ላይ ዘርግታለች፤ ገዥ አላየሁም። ስታየኝ ተነሥታ ወንበር አቀረበችልኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እርሱ ነው። ክሩ አልተፈታም ወይ አለችኝ። እኔም የመጣሁበትን ጠየቅሁ፤ ያን ዕለት በስፒከሩ ስትሰማ «የአንባቢ ማስታወሻ» የሚል ቃል ነበረው ወይ አልኋት።

አስባ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ እኔ የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው። የትኛው የመጽሐፉ፣ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ በምን ልለይ? ለእኔ ሁሉም የእርስዎ ነበር።» ከዚያም ሽንኩርት በፌስታል ቋጥራ ለእርሱ አድርሱልኝ አለችኝ። ስሟንና ታሪኳን ለመጻፍ ፈቃድ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ።

የቀረው የቀረጻ ክፍሉ ነበር። ኃላፊዋ ሰባተኛውን ምዕራፍ ከፈተችልኝ። በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ድምፁ የእኔ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ስለ ዶሮ ማነቂያ ግን አንዲት ቃል የለም። ማስታወሻውም የለም፣ ማስታወሻው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቃልም የለም። መጽሐፉ ብቻ ነው።

«ይሄ ሁለተኛው ንባብ ነው» አለችኝ። «የፊተኛው የዶዘር ድምፅ ገብቶበት ነበር መሰለኝ። ያን ሰሞን ስንት ምዕራፍ ደገምን!»

«ይደገም ያለው ማን ነው?»

«እኔ እሆናለሁ። ወይም እርስዎ። ኧረ ጋሼ፣ ማን ያስታውሳል?»

መቼ እንደ ተደገመ ጠየቅኋት። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ፋይሎቹ በአንድ ቀን ስለ ተገለበጡ ሁሉም የሚያሳየው ያንኑ ቀን ነው አለችኝ። የፊተኛው ንባብ ተደምስሷል።

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ገለጥሁ። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ምዕራፍ መካከል፣ ጠበብ ባለ ቦታ፣ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ፣ «ሰባተኛው እንደገና ተነበበ» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ መጻፌን ግን አላስታውስም፣ ምዕራፉን ደግሜ ማንበቤንም አላስታውስም። የዶዘሩ ድምፅ ምክንያት ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ምዕራፍ በዚያ ምክንያት ተደግሟል። ስምንተኛውን ምዕራፍ ያነበብሁት ካርታውን በምፈልግበት ጊዜ ነው፤ ምዝገባው ገና አልተዘጋም ነበር። ዘጠነኛውን ያነበብሁት ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰባተኛውን ከመዘጋቱ በፊት ደግሜው ከሆነ፣ ቃሉ የመጽሐፉ አለመሆኑን አውቄ ከንባቡ ላይ አንሥቼዋለሁ፣ ከወዳጄ በር ግን አላነሣሁትም ማለት ነው። ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ደግሞ የደመሰስሁት ማስረጃውን ነው። መስመሩ ቀን የለውም። በየትኛው በኩል እንደሚውል እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።